ከወርቅ ማጠቢያ የሚለቀቀው ውኃና ከወንዝ በታች ያለው እርሻ

ወርቅ ያለበት ምድር ብዙውን ጊዜ በወንዝ ራስጌ ይገኛል፤ እርሻውና የከብቱ መጠጫ ደግሞ በወንዙ ግርጌ ነው። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ወርቅ ማጠብ ሲጀመር ሁለት ዓይነት ባለጕዳይ ወደ ሹሙ ደጅ ይመጣል። አንደኛው ከላይ ያለው አጣቢ ነው፤ እርሱም «ውኃውን ተጠቅሜ ለወንዙ መለስሁለት እንጂ ጠጥቼ አልጨረስሁትም» ይላል። ሁለተኛው ከታች ያለው ገበሬ ነው፤ እርሱም «ውኃው መድረሱንስ ደርሶልኛል፤ ነገር ግን የደረሰኝ ጭቃ ነው፤ ቦዬ በደለል ተሞላ፤ ከብቶቼም አሽትተው ይመለሳሉ» ይላል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው።

ጅብ ከወንዙ በላይ ቆሞ ከታች ያለችውን አህያ «ውኃውን አደፈረሽብኝ» ብሎ ያመካኘባት ተረት በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው። የተረቱ ጅብ ሐሰተኛ የሆነው ውኃ ወደ ላይ ስለማይፈስ ነው። በወርቅ ማጠቢያ ግን የሚያደፈርሰው በእርግጥ ከላይ ያለው፥ የሚከሰውም ከታች ያለው ስለ ሆነ፥ የሹሙ ሥራ ምክንያት መስማት ብቻ ሳይሆን ወርዶ ውኃውን ማየት ነው።

ብዙ ሰው ፈቃድ ሲባል የሚያስበው ስለ መሬቱና ስለ ወርቁ ነው፤ ማን ይቆፍር፥ የት ይቆፍር፥ ለመንግሥት ምን ያህል ይክፈል ማለት ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ ፈቃድ አለ፤ ይኸውም ያጠቡበትን ውኃ ወደ ወንዝ ለመልቀቅ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ የሚጠይቀው የተወሰደውን ውኃ ብዛት አይደለም፤ የተመለሰው ውኃ በምን ሁኔታ እንደ ተመለሰ ነው። ነገሩ ከምን እንደ ተነሣ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከካሊፎርንያ ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር የለም፤ በዚያ ወርቅና ስንዴ በአንድ ወንዝ ላይ ብዙ ዓመት ተሟግተዋልና። ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጥር ወር 1848 ጄምስ ማርሻል የተባለ ሰው በአሜሪካን ወንዝ ዳር ኮሎማ በሚባል ሥፍራ በውኃ የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲያሠራ በውኃው መውረጃ ውስጥ ወርቅ አገኘ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከየአገሩ ሕዝብ ጐረፈ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው ዛሬም በብዙ አገር እንደሚሠራው ያለ ነበር፤ የወንዙን አሸዋ በሳፋና በእንጨት ገንዳ እያጠቡ ፍሬውን መልቀም ነው። የወንዙ ዳር ወርቅ እየሳሳ በሄደ ጊዜ ግን ሰዎች ወደ ተራራው ተመለከቱ። የጥንት ወንዞች ያስቀመጡት ወርቅ ያለበት ጠጠር በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ጐን ከፍ ብሎ ተቀብሮ ነበርና።

በ1853 ኤድዋርድ ማቲሰን የተባለ ሰው ኔቫዳ ሲቲ በምትባል ከተማ አጠገብ ውኃን ከከፍታ በቧምቧ አውርዶ፥ በጠባብ አፍ በኩል ወደ ገደሉ እየረጨ አፈሩን መናድ ጀመረ። ቧምቧው መጀመሪያ ከሸራ የተሰፋ ነበረ፤ በኋላ ግን ከብረት ተሠርቶ አፉ መድፍ መሰለ፤ ኃይሉም ከመድፍ ያልተናነሰ ሆነ። ብዙ መቶ ሰው በአካፋ የማይጨርሰውን ኮረብታ ጥቂት ሰዎች ቆመው በውኃ ብቻ አፈረሱት። የተናደው አፈር ረጅም በሆነ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ያልፋል፤ በገንዳው ወለል ላይ ባዜቃ፥ ማለት ዛሬ ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት ይፈስስና ወርቁን ይይዛል። ከወርቁ በቀር ያለው ሁሉ፥ ድንጋዩ፥ ጠጠሩ፥ አሸዋውና ጭቃው፥ ወደ ቅርቡ ሸለቆ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ስሙ የገነነው የኖርዝ ብሉምፊልድ ኩባንያ ነበረ። ይህ ኩባንያ ማላኮፍ በተባለው ሥፍራ ኮረብታውን ሲንድ ጭቃው የሚወጣበት መንገድ ስላጣ፥ 2400 ሜትር የሚያህል ዋሻ በአለት ውስጥ አስፈልፍሎ በ1874 ጨረሰ። ለዋሻው የወጣው ገንዘብና ጥበብ የሚያስደንቅ ነው፤ ይሁን እንጂ የዋሻው ጥቅም ጭቃውን ከኩባንያው መሬት አውጥቶ ወደ ዩባ ወንዝ መላክ ብቻ ነበረ።

ዩባ ከተራራ ወርዶ በሜዳው ላይ ማሪስቪል በምትባል ከተማ አጠገብ ፌዘር ከሚባል ወንዝ ጋር ይገናኛል። በሜዳው ያሉት ባለ እርሻዎች ስንዴና ፍራፍሬ ያበቅሉ ነበር፤ የወንዙ ዳር መሬትም ከሁሉ የሰባው ነበረ። ውኃ በተራራ ላይ ሲሮጥ ድንጋይ ይሸከማል፤ ሜዳ ሲደርስ ግን እርምጃው ስለሚቀንስ ሸክሙን ያወርዳል። የዩባም ወለል ከዓመት ወደ ዓመት እየተሞላ ከፍ አለ። የማሪስቪል ሰዎች የከተማውን ዙሪያ በአፈር ግንብ አጠሩ፤ ወንዙ ከፍ ሲል ግንቡን ከፍ አደረጉ፤ በመጨረሻም የወንዙ ወለል ከከተማው መንገድ በላይ ሆነ። በጥር ወር 1875 ጐርፍ ግንቡን ጥሶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። በገጠር ደግሞ ብዙ የወንዝ ዳር እርሻ በጠጠርና ተጣባቂ በሆነ ጭቃ ሥር ተቀበረ፤ የፍራፍሬ ዛፎችም ጫፋቸው ብቻ ከአሸዋው ላይ ብቅ ብሎ የሚታይባቸው ሥፍራዎች ነበሩ።

ገበሬዎቹ ወደ ዳኛ ሄዱ። የመጀመሪያው ችግራቸው ግን ጉዳቱን ማስረዳት አልነበረም፤ ጉዳቱን ያየ ሁሉ ያውቀዋልና። ችግራቸው «የማን ጭቃ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ጄምስ ኪስ የተባለ ገበሬ በቤር ወንዝ ላይ የሚያጥቡትን ብዙ ኩባንያዎች ባንድነት ከስሶ በ1879 በታችኛው ፍርድ ቤት ረታ። በዚያው ዓመት ግን የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስለሚሠሩ ባንድ ክስ ሊጠሩ አይገባም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ይህ ነገር በሥርዓት በኩል ትክክል ቢመስልም በሥራ ሲታይ ለገበሬው ደጁ መዘጋቱ ነበር። ሃያ ሰዎች በአንድ ወንዝ ላይ ጭቃ ሲለቅቁ እያንዳንዱ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ጎረቤቴን ጠይቁ» ሊል ይችላል፤ ወንዙም የማንን ጭቃ የት እንዳኖረ አይመሰክርም። ይህን ቃል በየወረዳው የወንዝ ክርክር የሰማ ሹም ሁሉ ያውቀዋል።

በመስከረም 1882 በማሪስቪል ቤትና መሬት የነበረው ኤድዋርድስ ውድረፍ ክሱን ወደ አሜሪካ መንግሥት ፍርድ ቤት አቀረበ። ዳኛው ሎሬንዞ ሶየር ነበሩ። እኒህ ዳኛ በ1850 ወደ ካሊፎርንያ ሲመጡ ራሳቸው ወርቅ ቆፍረው የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ኩባንያዎቹ የሥራውን ጠባይ አያውቁም ሊሏቸው አልቻሉም። ዳኛው ብዙዎቹን ኩባንያዎች ባንድ ክስ ማስቀረብ ይቻላል ብለው ወሰኑ፤ ወደ ማዕድኑና ወደ ወንዙም ሄደው በዓይናቸው ተመለከቱ። ኩባንያዎቹ ያቀረቡት መከላከያ ልማድ ነበር። ወንዙን ለጭቃ መጣያ ማድረግ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ መንግሥትም አይቶ ዝም ብሏል፤ አገሪቱም የበለጸገችው በዚህ ነው አሉ። ዳኛው በጥር 7 ቀን 1884 በሰጡት እጅግ ረጅም ፍርድ፥ ማንም ሰው በገንዘቡ ሲጠቀም የሌላውን ገንዘብ ማጥፋት አይችልም፥ ልማድም ይህን አያጸድቅም ብለው፥ ኩባንያው ጭቃውን ወደ ዩባና ወደ ገባሮቹ እንዳይለቅ ለዘለዓለም ከለከሉት።

በማሪስቪል ደስታ ሆነ፤ በተራራው ግን ብዙ ከተሞች ተራቈቱ። ይህን ሁለተኛውን ነገር መዝለል አይገባም። ከኩባንያዎቹ ባለቤቶች ሌላ በቧምቧው ሥራ የሚኖር ብዙ ድኻ ሠራተኛ ነበረና። አንዳንዶቹም ፍርዱን ጥሰው በስውር ማጠብ ቀጠሉ፤ የገበሬዎቹም ማኅበር ሰላዮች ቀጥሮ በየሸለቆው ያስጠብቅ ጀመር። ክልክል ብቻውን ሲሆን የሚያመጣው ይህን ነው፤ ሥራው ከፀሐይ ወደ ጨለማ ይሄዳል፤ ጭቃው ግን እንደ ድሮው ይወርዳል።

እንግዲህ የመልቀቂያ ፈቃድ የታሰበው በዚህ ጊዜ ነው። አንቶኒ ካሚኔቲ የተባሉ ከወርቅ አገር የተወለዱ የምክር ቤት አባል ባቀረቡት ሕግ በመጋቢት 1 ቀን 1893 ሦስት የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ያሉበት ኮሚሲዮን ተቋቋመ። በቧምቧ ወርቅ ለማጠብ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን ለኮሚሲዮኑ ያቀርባል፤ ማመልከቻው በጋዜጣ ታትሞ ከታች ያሉ ሰዎች መቃወሚያ እንዲያቀርቡ ይደረጋል፤ መሐንዲሶቹ ሥፍራውን ይመረምራሉ፤ ጭቃውን የሚያስቀር ግድብ ተሠርቶ ከታየ በኋላ ብቻ ፈቃዱ ይሰጣል። መንግሥት ራሱ በሠራው ግድብ የሚጠቀም ደግሞ ከጠቅላላው ገቢ በመቶ 3 እንዲከፍል ታዘዘ። የሕጉ አሠራር መልካም ነበር፤ ከዛሬዎቹ ሕጎች ብዙዎቹ ከእርሱ የራቁ አይደሉም። ነገር ግን ግድቡን ለመሥራት የሚጠፋው ገንዘብ ከወርቁ ትርፍ እየበለጠ ስለ ተገኘ፥ ፈቃዱን አውጥቶ በደንብ የተጠቀመ ሰው ጥቂት ሆነ፤ የቧምቧውም ሥራ እንደ ቀድሞው ሊያንሰራራ አልቻለም። ለገበሬው ይህ መልካም ነበር፤ ለትንሹ ወርቅ ፈላጊ ግን በእጁ የማይደርስ ፈቃድ ከክልክል አልተለየበትም።

መንግሥትም በወንዙ ላይ ግድብ ሠራ። በዩባ ላይ የተሠራውን አንዱን ግድብ በ1907 ጐርፍ ወሰደው፤ ዳጌር ፖይንት የሚባለው ከዚያው ዘመን የቀረ ነው፤ በ1941 ደግሞ ጭቃውን ለማስቀረት ሲባል ኢንግልብራይት የሚባለው ትልቅ ግድብ ተጨመረ። በ1917 ጂ. ኬ. ጊልበርት የተባሉ የምድር ጥናት ሊቅ ባሳተሙት መጽሐፍ በቧምቧ የታጠበው አፈር 1200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚያህል ገምተዋል፤ ይህም ለፓናማ ቦይ ከተቈፈረው ስምንት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ሊቁ ጭቃው በወንዙ ላይ እንደ ማዕበል ቀስ እያለ እንደሚሄድ አስረድተዋል፤ ማለት ማጠቡ ከቆመ በኋላም ከታች ያለው ሰው ብዙ ዓመት ይቀበለዋል። ባዜቃውም እንዲሁ ነው። በካሊፎርንያ ከወርቅ ማጠቢያ ገንዳዎች ሾልኮ የጠፋው ባዜቃ ከ4 ሚሊዮን ኪሎ ግራም በላይ እንደሚሆን የአሜሪካ የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ገምቷል፤ ገንዳዎቹ ከበሰበሱ መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በዚያ አገር አንዳንድ ወንዞችና ሐይቆች ውስጥ የሚያዘውን ዓሣ ሰዎች፥ ይልቁንም እርጉዞችና ሕፃናት፥ በብዛት እንዳይበሉ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ ነገሩን በአጭሩ ቈረጠው። ከታወቀ መውጫ፥ ከቦይም ሆነ ከቧምቧ፥ ያለ ፈቃድ የቈሸሸ ውኃ ወደ ወንዝ መልቀቅ ክልክል ሆነ፤ ገበሬው ጉዳቱን እስኪያስረዳ መጠበቁ ቀረ። ለወርቅ አጣቢዎች የሚሆነው ልክ በ1988 ተወሰነ። የአላስካ አገር ከ2008 ጀምሮ ፈቃዱን ራሱ እንዲሰጥ ስለ ተፈቀደለት፥ የትንንሾቹን አጣቢዎች አያያዝ ከዚያ መመልከት ይጠቅማል።

በአላስካ እያንዳንዱ ትንሽ አጣቢ ለብቻው መሐንዲስ ቀጥሮ ጥናት እንዲያቀርብ አይገደድም። መንግሥት ለአንድ ዓይነት ሥራ አንድ ጠቅላላ ፈቃድ ያወጣል፤ አጣቢው «በዚህ ፈቃድ ሥር ልሠራ አስባለሁ» ብሎ ሥፍራውንና መሣሪያውን ጽፎ ያስታውቃል፤ ግዴታዎቹን ይቀበላል፤ የፈቃዱንም ግልባጭ ከሥራው ሥፍራ ያኖራል። ከወንዝ ወለል አሸዋ በሚመጥጥ ትንሽ መኪና የሚሠራ ሰው ከመኪናው በታች 500 ጫማ፥ ማለት 150 ሜትር ያህል ሲደርስ ውኃው ደፍርሶ መታየት የለበትም፤ ከታየ ሥራውን መቀነስ ወይም ማቆም ይገባዋል። ዓሣ በሚወልድበት ወራትና ሥፍራ ማጠብ የለም፤ የዓሣ ዕንቍላል በጠጠር መካከል ንጹሕ ውኃ ካላገኘ በደለል ታፍኖ ይሞታልና። አፈሩን ከዳር ቆፍሮ በገንዳ የሚያጥበው ደግሞ ያጠበበትን ውኃ በኵሬ አጠራቅሞ ደጋግሞ እንዲጠቀምበት፥ የሚለቅቀውም ቢኖር በአንድ ሊትር ውስጥ የሚዘቅጠው ጭቃ ከ0.2 ሚሊሊትር እንዳይበልጥ ታዝዟል።

ይህ ልክ የሚለካበት መሣሪያ ቀላል ስለ ሆነ መግለጹ መልካም ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ፥ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ መስመር የተሰመረበት ብርጭቆ ነው፤ በሠራው ሰው ስም ኢምሆፍ ይባላል። ውኃው ይሞላበትና 45 ደቂቃ ይቀመጣል፤ በጐኑ የተጣበቀው እንዲወርድ በቀጭን ዘንግ በቀስታ ይነካካል፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ተጨምሮ ከታች የዘቀጠው በመስመሩ ይነበባል። 0.2 ሚሊሊትር ማለት አራት ጠብታ ያህል ነው። መብራትም መኪናም አያስፈልገውም፤ ማንበብ የሚችል አንድ ጸሓፊ ይበቃዋል። ከጥሩ ላቦራቶር ጋር አይተካከልም፤ ነገር ግን «ውኃው ደፈረሰ፤ አልደፈረሰም» እያሉ በቃል ከመጣላት ይሻላል።

ኵሬውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጥልቅ ጕድጓድ ከተቈፈረ የሚበቃ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጭቃን የሚያዘቅጠው ከጥልቀት ይልቅ የኵሬው ስፋት ነው። ደቃቅ አሸዋ፥ ፍሬው የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የሚሆነው፥ አንድ ሜትር ለመዝቀጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከዚህ አሥር ጊዜ የሚያንሰው ደለል ሦስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚያም አሥር ጊዜ የሚያንሰው ሸክላ የሚሆነው አፈር ውኃው ፈጽሞ ሳይነቃነቅ 13 ቀን ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ በሰኮንድ 10 ሊትር ውኃ የሚለቅቅ ማጠቢያ መካከለኛውን ደለል ለማስቀረት ከ110 ካሬ ሜትር ያላነሰ ኵሬ ያስፈልገዋል፤ ይህ በሐሳብ ነው፤ በሥራ ግን ውኃው በአንድ ወገን አቋርጦ ስለሚሄድ እጥፍ ማድረግ ይገባል። መግቢያውና መውጫው በተቻለ መጠን እንዲራራቁ፥ ኵሬውም አንድ ከመሆን ሁለት ሆኖ ተከታትሎ ቢሠራ ይመረጣል። ቀዩ የሸክላ ውኃ ግን በኵሬ አይጠራም፤ መድኃኒቱ አለመልቀቅና መልሶ ማጠቢያ ማድረግ ነው። ደለል የሞላው ኵሬ ኵሬ አይደለም። ከኵሬው የሚወጣውንም ጭቃ በወንዝ ዳር የከመረ ሰው የክረምት ጐርፍ በአንድ ሌሊት ይወስድበታል፤ የዓመቱም ልፋት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከገበሬው ቦይ ውስጥ ይገኛል።

በኢትዮጵያ ወርቅ በገበቴና በሳፋ የማጠብ ሥራ በጉጂ በአዶላና በሻኪሶ፥ በአሶሳ ወገን፥ በወለጋና በጋምቤላ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። ሕጉም የለም ማለት አይቻልም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ቈሻሻን ወደ ውኃ ለመልቀቅ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደንግጓል። ይኸው አዋጅ ውኃን ለባሕላዊ መስኖ፥ ለባሕላዊ ማዕድን፥ ለባሕላዊ ከብት እርባታና ለውኃ ወፍጮ የሚጠቀምበትን ሰው ፈቃድ ከማውጣት ነጻ አድርጎታል። በችኮላ ያነበበ ሹም «እንግዲህ አጣቢው ከሁሉም ነጻ ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ላነበበ ግን ነጻ የተደረገው መጠቀሙ ነው፤ ስለ መልቀቁ የተነገረው በሌላ ሥፍራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣውም የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 የበከለ ሰው ያጸዳ ዘንድ የሚያስገድድ ነው።

በሌላ ወገን በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቍጥር 678 ለባሕላዊ ማዕድን ፈቃድ ጠያቂ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት አቅርብ አላለውም። ይህ ለድኻው ርኅራኄ ነው፤ በገበቴ የሚያጥብ ሰው የመሐንዲስ ጥናት ከየት ያመጣል? ነገር ግን ጥናቱ በሌለበት የሚቀረው ዓይን የወረዳው ሹም ዓይን ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አንድ ሰው በገበቴ የሚያጥበው ለወንዙ ምንም ያህል አይደለም። በአንድ ሸለቆ ብዙ መቶ ሰው ሲሰበሰብ፥ ከዚያም በገንዘብ ያለው ሰው የውኃ መሳቢያና መቆፈሪያ መኪና አምጥቶ በባሕላዊ ፈቃድ ስም ሲሠራ፥ ያ በማሪስቪል የታየው ነገር በትንሹ ይጀመራል። ባሕላዊ የሚለው ስም በእጅ ለሚሠራ የተሰጠ እንጂ ለመኪና አይደለምና ልዩነቱን ሥፍራው ድረስ ሄዶ ማየት ያሻል።

አጣቢዎችን በሙሉ ማባረር በብዙ ሥፍራ ተሞክሯል፤ ጥቂት ቀን ወንዙ ይጠራል፤ ከዚያ ማጠቡ በሌሊት ይሆናል። ይልቅስ በአንድ ሸለቆ ያሉት በማኅበር ሆነው ባንድነት የሚያጥቡበት ሥፍራና የጋራ ኵሬ ቢኖራቸው፥ ከኪስ ክርክር የተገኘው ችግር፥ ማለት የማን ጭቃ እንደ ሆነ አለመታወቁ፥ በዚያው ይቀራል፤ የኵሬውም ልፋት ለብዙ ሰው ስለሚካፈል በእያንዳንዱ ላይ አይከብድም። ኵሬውን ንጹሕ ያደረገ ማኅበር ፈቃዱ ይታደስለት፤ የዘነጋው ኵሬውን እስኪጠርግ ድረስ ሥራውን ያቁም። የካሚኔቲ ፈቃድ የከበደው ሁሉን ሸክም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ስላደረገ ነው።

ስለ ባዜቃ ግን እንዲህ ያለ መቻቻል የለም። በጃፓን አገር በሚናማታ በ1956 በታወቀው በሽታ ብዙ ሰው ባዜቃ ያለበት ዓሣ በልቶ ሰውነቱ ሰልሏል፤ ብዙም ሞቷል። በዚያች ከተማ ስም በ2013 የተፈረመውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የመንግሥታት ውል ወርቅ አጣቢዎች የባዜቃና የወርቅ ልውሱን በገላጣ ሥፍራና በመኖሪያ ቤት አካባቢ እንዳያቃጥሉ እንዲደረግ ያዝዛል። ጭስ ሆኖ የወጣው በሳንባ ይገባል፤ የፈሰሰውም በደለል ውስጥ ይቀመጣል፤ ኵሬ አያጠራውም። በሥራ ሥፍራ በትንንሽ ጠርሙስ ከውኃ እጅግ የከበደ ብርማ ፈሳሽ ሲሸጥ የታየ እንደ ሆነ፥ ነጋዴው ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ከኵሬው ምርመራ መቅደም አለበት።

የውኃው ምርመራ ደግሞ ወራቱን ማወቅ ይፈልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ራሱ ቀይ ነው፤ አጣቢውም «ይህ የእግዚአብሔር ዝናብ ያመጣው እንጂ የእኔ አይደለም» ቢል ሐሰት አይሆንም። በአላስካ ሕግ የሚነጻጸረው ከሥራው በታች ያለው ውኃ ከሥራው በላይ ካለው ጋር የሆነው ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ምርመራው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቢሆን ይበልጥ ያስረዳል፤ ወንዙ የሚጐድልበት፥ ገበሬውም ለመስኖ የሚጠልፍበት ወራት ይኸው ነውና ጥቂት ጭቃ ብዙ የሚጐዳው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ጠርሙስ ይቀዳል፤ አንዱ ከማጠቢያው በላይ፥ አንዱ ከማጠቢያው በታች፥ በአንድ ሰዓት። አጣቢውና ከታች ያለው ገበሬ ሁለቱም ባሉበት ታሽጎ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ መፈረም የማይችል በጣቱ ያትምበታል። ከዚያ በኋላ ያው ብርጭቆ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቆምና ሁሉም እያዩ አንድ ሰዓት ይጠበቃል።